በጎጃም ፀሀይ ስልክ ቻርጅ ማድረግ፦ ከፓነል መረጣ እስከ ክረምቱ ድረስ

ጎጃም ውስጥ ከዋናው መስመር ትንሽ ወጣ ያለ ሰው ስልኩን እንዴት ቻርጅ እንደሚያደርግ ታውቁታላችሁ። የገበያ ቀን ይጠብቅና ስልኩን በፌስታል ጠቅልሎ ወረዳ ከተማ ይወርዳል፣ ሱቅ ላይ ከፍሎ ይሰካል፣ ቤቱ እስኪመለስ ደግሞ ኔትወርክ ፍለጋ ብቻ ሩቡን በልቶታል። ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል ተብሎ የተሰራው እዚሁ ጎናችን ነው፣ ግን መስመሩ ሁሉም ቀበሌ አልደረሰም፣ የደረሰበትም ቦታ መብራቱ ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይሄዳል። ስለዚህ ትንሽ የሶላር ፓነል የሚገዛው ሰው በዝቷል፣ ከገዛው ውስጥ ደግሞ "አይሰራም" ብሎ አልጋ ስር የከተተው ቀላል አይደለም። አብዛኛው ጊዜ ፓነሉ አልተበላሸም፣ አጠቃቀሙ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ፓነሉ ቻርጅ ማድረግ ያለበት ስልካችሁን ሳይሆን ፓወር ባንካችሁን ነው። ቀን ፀሀይዋ ፓወር ባንኩን ትሞላለች፣ ማታ ፓወር ባንኩ ስልኩን ይሞላል። ለምን እንደሆነ ወደታች እመጣበታለሁ፣ ግን ስትገዙም ስትሰኩም ይህን እያሰባችሁ ቢሆን ነገሩ ይቀላል።

1. መጀመሪያ ምን ያህል እንደምትፈልጉ አስሉ

ሂሳቡ ከባድ አይደለም። ባትሪው ላይ የተጻፈውን ሚሊ አምፒር (mAh የሚለውን) ለ1000 አካፍሉና በ3.7 አባዙት፣ የሚመጣው ቁጥር ዋት ሰዓት ይባላል። ባለ ቁልፏ ስልክ፣ 1020 የሚል ባትሪ ያላት፣ 4 ዋት ሰዓት እንኳን አትሞላም። 5000 ባትሪ ያለው ቴክኖ ወይ ሳምሰንግ 19 ገደማ ነው፣ ሲሞላ ኬብሉም ስልኩም በሙቀት የሚያባክኑት ስላለ 25 ብላችሁ ያዙት።

ፓነሉ በኩል ደግሞ ፋብሪካው 10 ዋት ብሎ የሚጽፈው ላብራቶሪ ውስጥ፣ በካሬ ሜትር 1000 ዋት በሚሆን ብርሃን፣ ሴሉም 25 ዲግሪ ላይ ሆኖ ተለክቶ ነው። ግቢያችሁ ውስጥ ፀሀይ የሚመታው ፓነል እንዲህ ቀዝቅዞ አይቀመጥም፣ ስለዚህ ከ10ሩ 6 ወይ 7 ብታገኙ ጥሩ ነው። በበጋ በቀን 5 ሰዓት ያህል ጠንካራ ፀሀይ ብናስብ ከ30 እስከ 35 ዋት ሰዓት ይሆናል፣ ማለትም አንድ ስማርት ስልክና አንድ ሁለት ባለ ቁልፍ። ለበጋ 10 ዋት እውነተኛ ፓነል አንድ ቤት ይበቃዋል። ክረምቱንም ልለፍበት ካላችሁ 20 ግዙ፣ እኔ ብሆን 20ውን ነው የምገዛው።

2. ግዢ፦ የተጻፈውን አትመኑ፣ ስፋቱን ለኩ

ብዙ ብር የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ገበያ ላይ የሚሸጡት ትንንሽ ፓነሎች ጀርባቸው ላይ 30 ዋት፣ 50 ዋት፣ አንዳንዴም 100 ይላል። ግን አንድ ካሬ ሜትር ጥሩ ፓነል፣ ሞኖ የሚባለው ጥቁሩ ዓይነት፣ በሙሉ ፀሀይ 200 ዋት አካባቢ ነው የሚሰጠው፣ ከዛ ብዙም አይዘልም። ስለዚህ ማስመሪያ ያዙና የጥቁሩን ክፍል ርዝመትና ወርድ በሴንቲ ሜትር አባዙት፣ ውጤቱን ለ50 አካፍሉ፣ የምታገኙት ዋት ከዛ በላይ ሊሆን አይችልም። 30 በ20 የሆነ ፓነል 600 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፣ ለ50 ሲካፈል 12። በቃ 12 ዋት ነው፣ ከጀርባው ሺህም ይጻፍበት። ማስመሪያ ከሌላችሁ አንድ ኤ4 ወረቀት ያዙና ፓነሉ ላይ ዘርጉት፣ ወረቀቷ ልክ ከሸፈነችው ቢበዛ 12 ዋት ነው፣ ሁለት ወረቀት ከፈለገ 24። ሻጩ "ሀምሳ ዋት ነው ስልህ" እያለ እናንተ ወረቀቷን ስትዘረጉ ፊቱን እዩት፣ ዋጋው ራሱ ይወርዳል። የ50 ዋት ዋጋ ከከፈላችሁ ግን የያዛችሁት 12 ዋት ነው።

ከተቻለ ቴስተር፣ ማለትም ቮልትና አምፒር መለኪያ፣ ያለው ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ፓነሉን ከሱቁ አስወጡና ጠዋት 4 ወይ 5 ሰዓት ላይ ወደ ፀሀይ አዙሩት። 12 ቮልት የሚባለው ፓነል ምንም ሳይሰካበት 21 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ከዛ ቴስተሩን 10 አምፒር ላይ አድርጋችሁ፣ ቀዩን ገመድ አምፒር ቀዳዳው ላይ ቀይራችሁ፣ በቴስተሩ ሁለት ጫፍ የፓነሉን ሁለት ሽቦ በቀጥታ ንኩ። እውነተኛ 10 ዋት 0.6 አምፒር አካባቢ ይሰጣል፣ 20 ዋት ደግሞ 1.1 ወይ 1.2። ይሄ አለካክ ፓነሉን አይጎዳውም። ባትሪ ላይ ግን እንዳትሞክሩት፣ ቴስተሩም ይቃጠላል እጃችሁም ይቃጠላል።

ዓይነቱን በተመለከተ፣ ባለ መስታወት ባለ አሉሚኒየም ፍሬም የሆነው ከባድ ነው ግን በደህና ከያዛችሁት ሀያ ዓመት ያገለግላል። የሚታጠፈው ባለ ጨርቁ ለሚንቀሳቀስ ሰው ምርጥ ነው፣ ለእረኛ፣ ለነጋዴ፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛ። ላዩ የፕላስቲክ ሽፋን ብቻ የሆነው ርካሹ ግን ውሎ አድሮ ይደበዝዛል፣ ወተት የፈሰሰበት መስሎ ይነጣል፣ ያን ጊዜ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። የቬራሶል የጥራት ፍተሻ ያለፈ ዕቃ ካገኛችሁ ትንሽ ቢወደድም እሱን ውሰዱ።

ጀርባው ላይ ጣት የምታክል ፓነል የተለጠፈችበት ፓወር ባንክ ደግሞ አለ፣ "ራሱ በፀሀይ ይሞላል" የሚባለው። ያቺ ፓነል 1 ዋት ወይ 1.5 ናት። 10,000 ሚሊ አምፒር 37 ዋት ሰዓት ስለሆነ ለመሙላት ከሳምንት በላይ ፀሀይ ላይ መዋል አለበት፣ እሱም ባትሪውን ፀሀይ ላይ እየጠበሳችሁ። ለእጅ ባትሪነቱ ከሆነ ግዙት፣ ለሶላሩ ብላችሁ ግን አትጨምሩበት።

3. ፓወር ባንክ

10,000 ይበቃል። እሱም በ5 ቮልት ሲያወጣ ከ6,000 እስከ 6,500 ነው የሚሰጣችሁ፣ ይሄ ማታለል አይደለም፣ 10,000 የተባለው በ3.7 ቮልት ተለክቶ ነው። 5000 ባትሪ ያለውን ስልክ አንዴ ሞልቶ ትንሽ ይተርፈዋል። ማታለሉ ያለው 50,000 ተብሎ በኪስ የሚገባው ላይ ነው። ባትሪ ክብደት አለው፣ እውነተኛ 10,000 ወደ 200 ግራም ይመዝናል፣ ስለዚህ ቡና ነጋዴው ጋ ወስዳችሁ ሚዛን ላይ አስቀምጡት፣ 50,000 ነኝ ብሎ 250 ግራም ካሳየ ታውቃላችሁ። ሌላው የምታዩት ነገር ኢንፑት የሚለው ቦታ 5 ቮልት 2 አምፒር ማለቱን ነው፣ 1 አምፒር ብቻ የሚቀበል ከሆነ 20 ዋት ፓነል ብትገዙም ትርፉን አይወስደውም።

4. አገናኙት፣ ግን እንደ ፓነሉ ዓይነት

ፓነሉ የራሱ ዩኤስቢ ቀዳዳ ካለው ሥራው አለቀ፣ በአጭር ኬብል ፓወር ባንኩን ሰኩበት።

ሁለት ሽቦ ብቻ የሚወጣው 12 ቮልት ፓነል ከሆነ ግን እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ስሙ 12 ይሁን እንጂ ሲሰራ 18 ቮልት ነው፣ ስልክና ፓወር ባንክ የሚፈልጉት ደግሞ 5። መሃል ላይ የሚያወርድ ነገር ያስፈልጋል። ቀላሉ የመኪና ቻርጀር ነው፣ ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው። ላዩ ላይ ከ12 እስከ 24 ቮልት ይቀበላል የሚል መሆን አለበት፣ 12 ብቻ የሚል ከሆነ ተዉት። ሴት ሶኬቱን ከዕቃ መለዋወጫ ሱቅ ገዝታችሁ ከፓነሉ ሽቦ ጋር ታያይዛላችሁ፣ የመሃሏ ነጥብ ፖዘቲቭ፣ የጎኑ ብረት ኔጌቲቭ። ሌላው አማራጭ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤቶች የሚሸጡት ስቴፕ ዳውን የሚባለው ትንሽ ቦርድ ነው፣ ርካሽ ነው ግን ምንም ነገር ከመሰካታችሁ በፊት በቴስተር እያያችሁ ብሎኗን እያዞራችሁ 5 ቮልት ላይ አቁሟት።

ሽቦ መርዘም ካለበት በፓነሉ በኩል ይርዘም። ማለትም ፓነሉ ግቢ ወይ ጣራ ላይ ሆኖ 18 ቮልቱ በወፍራም ሽቦ ቤት ድረስ ይምጣ፣ የሚያወርደው ቻርጀር ቤት ውስጥ ይሁን፣ ከዛ ወደ ስልኩ 1 ሜትር ያልዘለለ ኬብል። 5 ቮልቱን በ3 ሜትር ቀጭን ኬብል ከጎተታችሁት መንገድ ላይ ወደ 4 ምናምን ይወርድና ስልኩ "ቻርጂንግ" እያለ ፐርሰንቱ ንቅንቅ አይልም።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ በጣም የምለምናችሁ ግን ይሄን ነው፦ የስልክ ባትሪ አውጥታችሁ የፓነሉን ሽቦ በቀጥታ ብረቱ ላይ እንዳታስነኩ። ገጠር ላይ ባለ ቁልፍ ስልክ እንዲህ ሲሞላ አይታችሁ ይሆናል፣ "ትንሽ ካስነካኸው ይነሳል" ይባላል። ሊቲየም ባትሪ ከ4.2 ቮልት በላይ መሄድ የለበትም፣ ከዛ ካለፈ ያብጣል፣ ካበጠ በኋላ ደግሞ እሳት ሊሆን ይችላል፣ የሳር ቤት ውስጥ ከሆነ ነገሩን አስቡት።

5. አቀማመጥ፣ እንደ ወሩ

ከመስከረም እስከ መጋቢት እኩለ ቀን ላይ ፀሀይ ከእኛ ወደ ደቡብ ናት፣ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ በጣም ታዘነብላለች። ስለዚህ በበጋ ፓነሉ ፊቱን ወደ ደቡብ ያድርግ፣ ታኅሣሥ ላይ ከመሬት 30 ዲግሪ ገደማ ቀና ይበል። ደቡብ የቱ ነው ካላችሁ የደብራችሁን ቤተ ክርስቲያን አስቡ፣ ሴቶች የሚገቡበት በር በደቡብ ነው። ከሚያዝያ 10 ገደማ እስከ ነሐሴ 18 ገደማ ደግሞ ፀሀይ አናታችንን አልፋ ወደ ሰሜን ትሄዳለች፣ ያን ጊዜ ፓነሉን ለጥ አድርጎ ማስተኛት ይሻላል። አንዴ ጣራ ላይ መትቼው ልተወው የሚል ሰው 10 ወይ 15 ዲግሪ ወደ ደቡብ አዘንብሎ ይምታው፣ ለዝናቡም ጥሩ ነው፣ አቧራውን አጥቦ ይወርዳል።

በእጅ የሚዞር ፓነል ያለው ግን በቀን ሦስቴ ቢያዞረው ብዙ ያተርፋል፦ ጠዋት ወደ ምሥራቅ፣ ቀን ወደ ላይ፣ ከ8 ሰዓት በኋላ ወደ ምዕራብ። ልክ መሆኑን ለማወቅ እስክሪብቶ ፓነሉ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። ጥላ ከጣለ ፓነሉን አዘንብሉት፣ ጥላው እስክሪብቶው ስር ሲጠፋ ያኔ ፊት ለፊት ገጥማችኋል ማለት ነው። አንድ ነገር ልጨምር፣ እኛ ጋ ፀሀይ አናት ላይ የምትደርሰው ልክ 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6 ተኩል አካባቢ ነው፣ ሰዓታችን የተቆረጠው ከእኛ በስተምሥራቅ ባለ መስመር ስለሆነ። ስለዚህ ምርጡ ጊዜ ከ4 ተኩል እስከ 8 ተኩል ነው፣ በዚህ ሰዓት ፓነሉን ጥላ አይንካው።

ጥላ ስል ትንሽም ጥላ። የፓነሉ ሴሎች እርስ በርስ ተከታትለው የተያያዙ ናቸው፣ እንደ መስኖ ቦይ አንዱ ጋ ከተዘጋ የታችኛው ሁሉ ይደርቃል። የልብስ ማስጫ ገመድ፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ፣ አገው ምድር ላይ ደግሞ ቤቱን የከበበው የዲከረንስ ዛፍ፣ አንድ ሴል ከሸፈነ ግማሹን ጉልበት ሊወስድባችሁ ይችላል። መስኮት ውስጥ በመስታወት በኩል ማስቀመጥም እንዲሁ ነው፣ ፓነሉ ሙሉ ፀሀይ ያገኘ ይመስላል እንጂ የተወሰነውን መስታወቱ ያስቀርበታል።

ሙቀት ሌላው ነገር ነው። ፓነል ብርሃን እንጂ ሙቀት አይወድም፣ ከ25 በላይ በሚጨምር በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 ፐርሰንት ገደማ ይቀንሳል። ዓባይ በረሃ ውስጥ 65 ዲግሪ የጋለ ፓነል ከ100 16ቱን ጥሏል። ደብረ ማርቆስ ወይ ጮቄ ጥግ ላይ ያለ ሰው በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፣ አየሩ ቀዝቃዛ ፀሀዩ ጠንካራ። ቆርቆሮ ላይ የምትመቱት ከሆነ ከስሩ እንጨት አድርጋችሁ ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፣ ነፋስ ይለፍበት። ስልኩና ፓወር ባንኩ ግን በፍጹም ፀሀይ ላይ አይቀመጡ፣ ፓነሉም ስር አይሁኑ፣ እዛም ይግላል። ኬብሉን ስባችሁ በር ጥግ ወይ ዛፍ ጥላ ስር አድርጓቸው። ሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ቻርጅ መደረግ የለበትም፣ ስማርት ስልኩ ራሱ ያቆማል፣ ርካሽ ፓወር ባንክ ግን ላያቆም ይችላል። ጮቄ ላይ ደግሞ ተቃራኒው፣ ውርጭ ያደረበትን ባትሪ ትንሽ ሞቅ ሳይል አትሰኩት።

6. አሁን ለምን ፓወር ባንክ እንዳልኩ

ስማርት ስልክ ሲሰካ መጀመሪያ ቻርጀሩን ይፈትሻል፣ ስንት አምፒር መሳብ እንደሚችል ይወስናል። ደመና ስታልፍ ቮልቱ ይወርዳል፣ ስልኩ "ቻርጀሩ ደካማ ነው" ብሎ ይቆርጣል ወይ በትንሹ መሳብ ይጀምራል። ደመናዋ አልፋ ፀሀይ ስትመለስ ብዙ ስልክ ወደ ድሮው አይመለስም፣ ነቅሎ መልሶ የሚሰካው ሰው ይፈልጋል። እናንተ እርሻ ላይ ናችሁ፣ ማን ይንቀልላችሁ? በዛ ላይ ደመና ባለፈ ቁጥር ስክሪኑ እየበራ እየጠፋ ያለችውንም ይበላል። ፓወር ባንክ ስክሪን የለውም፣ ያገኘውን ይዞ ይውላል፣ እሱም ቢሆን አንዳንዱ ይቆርጣል ግን ከስልኩ የተሻለ ይታገሳል። ከዛ ማታ ቤት ውስጥ ሳይቆራረጥ ለስልኩ ይሰጣል። ሌላም ጥቅም አለው፣ ስልኩ ቀኑን ሙሉ ግቢ ታስሮ አይውልም፣ ኪሳችሁ ውስጥ ነው።

ባለ ቁልፍ ስልክ፣ ትንሽ ሬዲዮና የእጅ ባትሪ ግን በቀጥታ ቢሰኩም ግድ የለም፣ የሚፈልጉት ትንሽ ስለሆነ ደመናም አያስቸግራቸውም።

7. ክረምት

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ማንም እንዳይዋሻችሁ፣ ደመና ድፍን ባለበት ቀን ፓነል ከጥሩው ቀን ከ10 እስከ 25 ፐርሰንት ብቻ ነው የሚሰጠው። ግን ክረምታችን ብዙ ጊዜ ጠዋት ትንሽ ፈገግ ብሎ ከሰዓት ነው የሚወርደው፣ ስለዚህ ከ2 ሰዓት ጀምሮ ፓነሉ ውጭ ይሁን፣ "ትንሽ ይሙቅ" እያላችሁ አትጠብቁ። ስማርት ስልኩን ለሚያስፈልገው ሰዓት ብቻ ክፈቱት፣ ሲም ካርዱን ባለ ቁልፏ ላይ አድርጉት። ኔትወርክ የማይደርስበት ሸለቆ ውስጥ ከገባችሁ ፍላይት ሞድ አድርጉ፣ ስልክ ኔትወርክ ሲፈልግ ባትሪ በጣም ይበላል።

ትልቅ ቤተሰብ ወይ ሱቅ ያለው ሰው 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት የሆነ ድፍን ባትሪ፣ ውሃ የማይጨመርበትን፣ ቢጨምርበት ደመናማ ቀን ለመሻገር ይረዳዋል። 84 ዋት ሰዓት ይይዛል ግን ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ፣ ቴስተር 12.2 ሲያሳይ አቁሙ፣ ባዶ ሆኖ የከረመ እንዲህ ዓይነት ባትሪ አይነሳም። ለዚህ ቻርጅ ኮንትሮለር፣ ከፓነሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠረው ዕቃ፣ ግድ ነው፣ ቅደም ተከተሉም አለው፦ መጀመሪያ ባትሪውን ከኮንትሮለሩ ጋር፣ ከዛ ፓነሉን። ስታፈርሱ ደግሞ መጀመሪያ ፓነሉ ይነቀል። ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ፊውዝ አድርጉ፣ የምታወጡት ብር ትንሽ ነው።

መብረቅ ከመጀመሩ በፊት ከጣራ የሚመጣውን ሽቦ ንቀሉ፣ በረዶ ሲያስፈራራ ደግሞ የሚንቀሳቀሰውን ፓነል አስገቡት ወይ ጆንያ ደርቡበት።

8. እንክብካቤ

በበጋ ጠላቱ አቧራ ነው፣ ውቂያ ላይ ደግሞ እብቅ። አውድማ አጠገብ ያለ ፓነል በየሁለት ሦስት ቀኑ ይታጠብ፣ ጠዋት ሳይግል፣ ንጹህ ውሃና ለስላሳ ጨርቅ ብቻ። የጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ፣ በአመድም አትሹት፣ ይቧጭረዋል። መሬት ላይ ካስቀመጣችሁት ፍየልና ጥጃ ይረግጡታል፣ አጥር ላይ ወይ ቆጥ ላይ ይሁን።

"ቻርጂንግ ይላል ግን አይሞላም" ካላችሁ ከሁሉ በፊት ኬብል ቀይሩ፣ አብዛኛው ጊዜ እሱ ነው። ከዛ ዩኤስቢ ቀዳዳው ውስጥ አቧራ ካለ በደረቅ የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት አውጡ፣ ሲደረግ ከፓነሉ ነቅላችሁ። ከዛ ጥላ ፈልጉ፣ ከዛ በቴስተር ፓነሉን ለኩ። ቮልት እያሳየ አምፒር ከሌለው ከጀርባው ሽቦው የተበየደበት ቦታ ለቆ ይሆናል፣ ጥገና ቤት ቶሎ ይበይዱታል። ፓወር ባንኩ ወይ የስልኩ ባትሪ ካበጠ ግን የሚጠገን ነገር የለውም፣ አትብሱት፣ አትጫኑት፣ እሳት ውስጥም አትጣሉት፣ ከቤት አውጥታችሁ ልጆች ከማይደርሱበት ደረቅ ቦታ፣ አፈር በያዘ ጣሳ ውስጥ አስቀምጡትና ከተማ ስትወርዱ ለጥገና ቤት ስጡት።